ኤችፒ-25 ካልኩሌተርን በኮምፒውተር ላይ ማስመሰል፦ ከቁጥሩ እስከ መስኮቱ የሚሄድ የአሠራር መመሪያ

«ፕሮግራም የሚቀበል የድሮ ካልኩሌተር በኮምፒውተር ላይ ማስመሰል እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች የሚጽፉልኝ የመሣሪያውን ፎቶግራፍ በመስኮት ላይ ለጥፈው፣ ቁልፎቹን ከመዳፊቱ ጋር አገናኝተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ችግራቸውም ተመሳሳይ ነው፤ መልኩ ቁርጥ መሣሪያውን ይመስላል፣ መልሱ ግን ከመሣሪያው መልስ ጋር አይገጥምም። ሥራው ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ አለበት፦ መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ ቁልሉ (ቁጥሮቹ ለስሌት ተደራርበው የሚቆዩበት ቦታ)፣ ከዚያ ፕሮግራሙ፣ መልኩ ደግሞ በመጨረሻ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ እርስዎም ቅደም ተከተሉን ሳይዘሉ እንዲከተሉት እለምናለሁ።

ለማሳያነት የመረጥኩት ሂውለት-ፓካርድ በ1975 እ.ኤ.አ. በ195 ዶላር ለገበያ ያቀረበውን ኤችፒ-25 ነው። መሣሪያው 30 ቁልፎች፣ 49 የፕሮግራም መስመሮች፣ ከ0 እስከ 7 የተቆጠሩ 8 የማስቀመጫ ሬጂስተሮች እና ባለ አራት ደረጃ ቁልል አለው። የማግኔት ካርድ አንባቢ የለውም፤ ንዑስ ፕሮግራምና የመለያ ስም የሚባል ነገርም የለውም። ለመጀመሪያ ሥራ ተስማሚ የሚያደርገው ይህ ልኩ ነው፤ አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ከዳር ሊያደርሰው ይችላል፣ ሆኖም የፕሮግራም ተቀባይ ካልኩሌተር ዋና ዋና ባሕርያት ሁሉ ይገኙበታል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ምርጫ ማድረግ ይኖርብዎታል። አንደኛው መንገድ በመሣሪያው ቺፕ ውስጥ የተቀረጸውን የፋብሪካ ፕሮግራም ወስዶ፣ እያንዳንዱን ባለ 10 ቢት ትእዛዝ በኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ነው። ሁለተኛው መንገድ መሣሪያው ለተጠቃሚው የሚያሳየውን ጠባይ በራስዎ ፕሮግራም እንደ አዲስ መጻፍ ነው። የመጀመሪያው የቺፑን ይዘት ማግኘትን ይጠይቃል፤ መልሱ እስከ መጨረሻው አሃዝ ድረስ ትክክል ይሆናል፣ ነገር ግን መሣሪያው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ሳይገባዎት ሊያልቅ ይችላል። እዚህ የማስረዳው ሁለተኛውን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓይተን 3 የተጫነበት ማንኛውም ኮምፒውተር። ሌላ የፕሮግራም ቋንቋም ይሠራል፤ ነገር ግን የአስርዮሽ ስሌት ቤተ መጻሕፍት ያለው መሆን አለበት። ፓይተን «ዴሲማል» የተባለው ክፍል አብሮት ስለሚመጣ ሥራውን ያቀላል።
- የመሣሪያው የተጠቃሚ መጽሐፍ፣ በወረቀት ወይም በስካን። ያለ እርሱ አይጀምሩ።
- ከተቻለ የሚሠራ እውነተኛ ኤችፒ-25። ከሌለዎት የመጽሐፉ ምሳሌዎች ከነመልሳቸው ምስክር ይሆኑልዎታል።
- የቁልፍ ሠንጠረዥና የሙከራ ውጤት የሚመዘግቡበት ደብተር።

ማስጠንቀቂያ

እውነተኛውን መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ባትሪው ሳይኖር ወይም ባትሪው ሞቶ ሳለ የኃይል መሙያውን አይሰኩ። በዚህ የመሣሪያ ትውልድ ከመሙያው የሚመጣውን ቮልቴጅ ልክ የሚያስይዘው ባትሪው ራሱ ነው፤ እርሱ ከሌለ ከፍ ያለው ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ቺፖቹ ይደርስና ሊያቃጥላቸው ይችላል። የተቃጠለውን ቺፕ የሚተካ አዲስ ምርት የለም። የቆዩ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ፈሳሽ ስለሚያፈሱም መገናኛ ብረቶቹን አስቀድመው ይመልከቱ።

የፋብሪካው የቺፕ ይዘት የባለቤቱ ንብረት ነው። እዚህ በሚገኘው መንገድ እርሱን ስለማይነኩ ችግር አይገጥምዎትም፤ ሥራዎን ለሌሎች ሲያካፍሉ ግን ከሌላ ቦታ ያገኙትን የቺፕ ቅጂ ወይም የኩባንያውን አርማ ያለ ፈቃድ አያያይዙ።

እርምጃ 1፦ የቁልፍ ሠንጠረዡን በወረቀት ላይ ይሥሩ

ከ30ዎቹ ቁልፎች አብዛኞቹ ከአንድ በላይ ተግባር አላቸው። አንዱ በቁልፉ ላይ የተጻፈው ነው፤ ሌሎቹ ወርቃማውን የኤፍ ቁልፍ ወይም ሰማያዊውን የጂ ቁልፍ አስቀድሞ በመጫን የሚገኙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ተግባር አራት ነገር ይጻፉ፦ ኮዱን፣ ከቁልሉ ስንት ቁጥር እንደሚወስድ፣ የቀድሞውን ኤክስ (ማሳያው ላይ የሚታየውን ቁጥር) በ«ላስት-ኤክስ»፣ ማለትም የመጨረሻው ኤክስ በሚያዝበት ቦታ፣ ማስቀመጥ አለማስቀመጡን፣ እና ቀጥሎ የሚገባው ቁጥር ቁልሉን ከፍ ማድረግ አለማድረጉን።

የቁልፉ ኮድ ከቦታው ይወጣል፦ የመጀመሪያው አሃዝ ረድፉን፣ ሁለተኛው ዓምዱን ያመለክታል። ከላይ ያሉት ሁለት ረድፎች አምስት አምስት ቁልፎች አሏቸው፤ የቀሩት አምስቱ ረድፎች አራት አራት። ስለዚህ ጎቱ (ወደ ተጠቀሰው የፕሮግራም መስመር መዝለያው) 13፣ ኤፍ 14፣ ጂ 15፣ ስቶር (ቁጥርን በሬጂስተር ማስቀመጫው) 23፣ ሪኮል (ከሬጂስተር መልሶ ማምጫው) 24፣ ኢንተር (አንዱን ቁጥር ከቀጣዩ የሚለየው) 31፣ መቀነሻው 41፣ መደመሪያው 51፣ ማባዣው 61፣ ማካፈያው 71፣ ራን-ስቶፕ (ፕሮግራም ማስጀመሪያና ማስቆሚያው) 74 ይሆናሉ። የቁጥር ቁልፎች ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው፤ ከ00 እስከ 09 ባለው በራሳቸው ዋጋ ይጻፋሉ።

ይህን ሠንጠረዥ በቅድሚያ መሥራት የሚያስፈልገው፣ በኋላ የሚጽፉት ፕሮግራም የዚህ ወረቀት ግልባጭ ስለሚሆን ነው። ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሳጥን ካለ ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ይኖራል።

እርምጃ 2፦ ቁጥሩን በአስርዮሽ ይወክሉ

ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሎቹ እዚህ ቦታ ላይ የሚፈቱ ናቸው። ኤችፒ-25 አንድን ቁጥር በ14 የአስርዮሽ አሃዞች ቦታ ይይዛል፦ አንድ ለምልክት፣ አሥር ለዋናዎቹ አሃዞች፣ አንድ ለአርቢው ምልክት፣ ሁለት ለአርቢው። እያንዳንዱ አሃዝ 4 ቢት ስለሚወስድ ጠቅላላው 56 ቢት ነው። የኮምፒውተርዎ ተራ «ፍሎት» ቁጥር ግን በሁለትዮሽ የተሠራና ወደ 16 አሃዝ የሚጠጋ ነው፤ ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር ሊስማማ አይችልም።

ልዩነቱን በአንድ ሙከራ ያያሉ። 1ን ለ3 ያካፍሉ፣ በ3 ያባዙ፣ 1 ይቀንሱ። ባለ አሥር አሃዙ መሣሪያ 0.3333333333ን በ3 አባዝቶ 0.9999999999 ያገኛል፤ 1 ሲቀነስም በ10 ላይ የአሉታዊ 10 አርቢ ያለው −1 ይቀራል። ፍሎት ግን ንጹሕ ዜሮ ይሰጥዎታል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ «ውጤቱ ዜሮ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም በአንዱ ላይ ሲቆም በሌላው ላይ ያለማቋረጥ ይዞራል።

በፓይተን የሚከተለውን ያድርጉ።

ሀ) የዴሲማልን የስሌት ሁኔታ በአሥር አሃዝ ትክክለኛነት፣ በላይኛው አርቢ 99፣ በታችኛው አርቢ −99 ያዋቅሩ።

ለ) የማጠጋጊያውን ሕግ ይቀይሩ። ዴሲማል ካልተነገረው በስተቀር ግማሽን ወደ ጎዶሎ ያልሆነው ጎረቤት አሃዝ ያጠጋጋል፤ እርስዎ የሚፈልጉት «ሃፍ-አፕ» የተባለውን፣ ግማሽን ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚያነሣውን ነው።

ሐ) ቁጥርን ከጽሑፍ ይፍጠሩ እንጂ ከፍሎት አይፍጠሩ። 0.1ን ከፍሎት ከፈጠሩ የሁለትዮሹ ስህተት ከነረጅም ጭራው ይገባልዎታል። ከጽሑፍ ሲፈጥሩም ዴሲማል ገና አላጠጋጋውም፤ በአሥር አሃዝ የሚገድበው የመጀመሪያው ስሌት ነውና፣ እንደገባ በአሥር አሃዝ ያጠጋጉት።

መ) ከ10 ላይ −99 በታች የሆነውን ውጤት እርስዎ ራስዎ ዜሮ ያድርጉት። ዴሲማል ከዚያ በታችም ትክክለኛነቱ የቀነሰ ቁጥር መያዙን ስለሚቀጥል፣ ሳይጠይቁት ወደ ዜሮ አይወርድም።

መሣሪያዎ ውጤትን ያጠጋጋ ወይም ይቆርጥ እንደሆነ በቀላሉ መፈተሽ ይቻላል። 2ን ለ3 ያካፍሉና 0.6666666 ይቀንሱ። የሚቀረው በ6.67 ከጀመረ አጠጋግቷል፤ በ6.66 ከጀመረ ቆርጧል። እውነተኛው መሣሪያ እጅዎ ላይ ካለ ለእያንዳንዱ የስሌት ዓይነት ይህን መሰል ፍተሻ አድርገው ውጤቱን በደብተርዎ ያስፍሩ፤ በግምት አይለፉት።

እርምጃ 3፦ ቁልሉንና የከፍታ ምልክቱን ይሥሩ

መሣሪያው የእኩል ይሆናል ቁልፍ የለውም። ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፣ ስሌቱ ይከተላል፤ ቁጥሮቹም ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ እና ቲ በተባሉ አራት ቦታዎች እንደ እንጀራ በላይ በላዩ ይደረደራሉ። አራት ተለዋዋጮች ብቻ በቂ ናቸው፤ ርዝመቱ የሚያድግ ዝርዝር አይጠቀሙ፣ ምክንያቱም የቁልሉ ጠባይ የሚመጣው ከአራት ባለማለፉ ነው።

ሁለት ዋና እንቅስቃሴዎች አሉ። ከፍ ሲል ዜድ ወደ ቲ፣ ዋይ ወደ ዜድ፣ ኤክስ ወደ ዋይ ይሄዳል፤ በቲ የነበረው ይጠፋል። ሁለት ቁጥር የሚወስድ ስሌት ሲከናወን ደግሞ ውጤቱ በኤክስ ይቀመጣል፣ ዜድ ወደ ዋይ፣ ቲ ወደ ዜድ ይወርዳል፤ ቲ ግን በቦታውም ይቆያል። ይህ የቲ መደጋገም ጥቅም አለው። 1.05 አስገብተው ኢንተርን ሦስት ጊዜ ከተጫኑና 1000 ካስገቡ፣ ማባዣውን በተጫኑ ቁጥር በ5 በመቶ ያደገውን ገንዘብ ያገኛሉ፦ 1050.00፣ 1102.50፣ 1157.63። ሦስተኛው 1157.62 ከሆነብዎ ግማሹ ወደ ላይ አልተነሣም ማለት ነውና ወደ እርምጃ 2 ይመለሱ።

አሁን የከፍታ ምልክት። ይህ አንድ እውነት-ሐሰት ተለዋዋጭ ነው፤ አዲስ ቁጥር ሲገባ ቁልሉ ከፍ ይበል ወይስ ኤክስ ላይ ይጻፍ የሚለውን ይወስናል። ኢንተር፣ ክሊር-ኤክስ (ኤክስን ዜሮ የሚያደርገው ቁልፍ) እና የስታቲስቲክስ መደመሪያው ምልክቱን ያጠፉታል፤ ሌሎቹ ስሌቶች ያበሩታል። ሪኮልም እንደ አዲስ ቁጥር ስለሚቆጠር ይህንኑ ምልክት ማክበር አለበት።

ፍተሻው ይህ ነው፦ 2፣ ኢንተር፣ 3፣ ክሊር-ኤክስ፣ 4፣ መደመር። መልሱ 6 መሆን አለበት። 4 ከሆነ ክሊር-ኤክስ ምልክቱን አላጠፋውም፤ በኤክስ የቀረው ዜሮ ወደ ዋይ ተገፍቶ 2ን ከቦታው አርቆታል።

እርምጃ 4፦ የቁጥር አገባቡን ከስሌቱ ይለዩ

ተጠቃሚው አሃዝ በመጫን ላይ ሳለ ያለው ጽሑፍ ገና ቁጥር አልሆነም፤ ስለዚህ «በማስገባት ላይ» የሚል የተለየ ሁኔታ ይያዙለት። የምልክት መቀየሪያው ቁልፍ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ማስገባቱን አያቋርጥም፦ አርቢ ከመጀመሩ በፊት የዋናውን ቁጥር ምልክት ይቀይራል፣ ከተጀመረ በኋላ የአርቢውን። ከሁኔታው ውጭ ከተጫነ ግን በኤክስ ያለውን ያለቀለት ቁጥር ይቀይራል። የአርቢ ማስገቢያው ቁልፍ ምንም አሃዝ ሳይቀድመው ከተጫነ ዋናው ቁጥር 1 ተደርጎ ይወሰዳል።

ይህን ሁኔታ ማን ይዘጋዋል? አሃዝ፣ ነጥብ፣ የምልክት መቀየሪያና የአርቢ ማስገቢያ ያልሆነ ቁልፍ ሁሉ ይዘጋዋል፤ ራን-ስቶፕም ጭምር። የመጨረሻዋን ቃል የጨመርኩት ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። በመስመር 01 ላይ አሃዝ 2፣ በመስመር 02 ላይ ማባዣ፣ በመስመር 03 ላይ ጎቱ 00 ይጻፉ፤ ከዚያ 5 አስገብተው ራን-ስቶፕን ይጫኑ። መልሱ 10 ነው። የእርስዎ ሲሙሌተር (መሣሪያውን የሚያስመስለው ፕሮግራም) ዜሮ ካሳየ፣ የፕሮግራሙን 2 ከእጅዎ 5 ጎን ለጥፎ 52 ሠርቷል ማለት ነው።

እርምጃ 5፦ ማሳያውን ከቁጥሩ ለይተው ይጻፉ

ማሳያው በኤክስ ያለውን ቁጥር አንብቦ ጽሑፍ የሚመልስ አንድ ተግባር ብቻ ይሁን፤ ቁጥሩን ፈጽሞ አይንካ። 2 የአስርዮሽ ቦታ ብቻ የሚታይ ቢሆንም በውስጡ አሥሩም አሃዞች አሉ፤ የታየውን መልሶ ወደ ኤክስ የሚጽፍ ሲሙሌተር ትክክለኛነቱን በየቁልፉ ያጣል።

ሦስት አቀራረቦች አሉ፦ ቋሚ ነጥብ፣ ሳይንሳዊ እና የምህንድስና። መሣሪያው ሲበራ በቋሚ ነጥብ 2 ሆኖ 0.00 ያሳያል። በሳይንሳዊው አቀራረብ ቢበዛ 8 ዋና አሃዞችና ባለ ሁለት አሃዝ አርቢ ይታያሉ። በምህንድስናው አርቢው ሁልጊዜ የ3 ብዜት ነው፤ ስለዚህ ከነጥቡ በፊት ከአንድ እስከ ሦስት አሃዝ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ ለቋሚ ነጥብ ከበዛ ወይም ካነሰ ማሳያው ራሱ ወደ ሳይንሳዊ ይዛወራል፤ ይህን መዛወር ካልሠሩት በእርምጃ 2 ያየነው ትንሽ ቅሪት 0.00 ሆኖ ይደበቅና ስህተትዎን አያዩትም።

እርምጃ 6፦ ተግባራቱን ይጨምሩ

አራቱ መሠረታዊ ስሌቶች ከዴሲማል በቀጥታ ይገኛሉ። ስኩዌር ሩት፣ ሎጋሪዝምና ኤክስፖነንሻልም እንዲሁ፤ ነገር ግን እነዚህ ተግባራት ለማጠጋጋት የሰጡትን ሕግ ስለማይከተሉ፣ በ15 አሃዝ ትክክለኛነት ያስልዋቸውና ውጤቱን እርስዎ ወደ አሥር ያጠጋጉ።

ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት በዴሲማል ውስጥ የሉም፤ ወደ ፍሎት ለውጦ የተለመደውን የሒሳብ ክፍል መጠቀም ይቻላል፣ 16ቱ አሃዞች ለአሥር ይበቃሉና። አደጋው በማዕዘኑ ላይ ነው። የ180 ዲግሪ ሳይን ዜሮ ነው፤ 180ን ወደ ራዲያን ለውጠው ለፍሎት ከሰጡ ግን ወደ 1.22 በ10 ላይ −16 የሚጠጋ ቁጥር ይመለሳል፤ ወደ አሥር አሃዝ ማጠጋጋትም ይህን ቁጥር አያጠፋውም። ስለዚህ ማዕዘኑ ገና በዲግሪና በዴሲማል ሳለ ከ360 በታች አድርሱት፣ የ90 ብዜቶችን ለብቻ ያስተናግዱ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ራዲያን ይሂዱ።

እያንዳንዱ ተግባር ከመሥራቱ በፊት ግብዓቱን ይመርምር። በዜሮ ማካፈልና የአሉታዊ ቁጥር ስኩዌር ሩት ማሳያው ላይ «ኤረር» የሚለውን ቃል ያመጣሉ፤ ቁልሉ ግን ከስህተቱ በፊት እንደነበረው ይቆያል። ቀጥሎ የሚጫነው ማንኛውም ቁልፍ ቃሉን ያጠፋል እንጂ የራሱን ሥራ አይሠራም።

እርምጃ 7፦ የማስቀመጫ ሬጂስተሮች

ስምንት ቦታ ያለው ዝርዝር ይበቃል። ስቶርን ተከትሎ የስሌት ቁልፍና የሬጂስተር ቁጥር ሲመጣ ስሌቱ በሬጂስተሩ ውስጥ ይከናወናል፦ «ስቶር፣ መቀነሻ፣ 1» ማለት ከሬጂስተር 1 ላይ ኤክስን መቀነስ ነው፤ ኤክስ ራሱ አይለወጥም። የሬጂስተሩ ይዘት ከ9.999999999 በ10 ላይ 99 ካለፈ ማሳያው «ኦኤፍ» ይላል። የስታቲስቲክስ መደመሪያው ከ3 እስከ 7 ያሉትን ሬጂስተሮች ስለሚጠቀም፣ ለእርሱ የተለየ ቦታ አይፍጠሩ፤ ተጠቃሚው በሪኮል ሊያነባቸው ይገባል።

እርምጃ 8፦ የፕሮግራም ማኅደሩ

49 መስመሮችን ይያዙ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሙሉ ትእዛዝ ይሁን እንጂ አንድ የቁልፍ ጭነት አይሁን። «ስቶር፣ ማባዣ፣ 2» ሦስት ጭነት ነው፤ በማኅደር ውስጥ ግን 23 61 02 ተብሎ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል። ጭነቶቹን ለየብቻ ካስቀመጡ የጎቱ መድረሻዎች በሙሉ ይዛባሉ፤ በመጽሐፍ የታተመ አንድም ፕሮግራም አይሠራልዎትም። ስለዚህ ከቁልፎቹና ከማኅደሩ መካከል ጭነቶችን እየሰበሰበ ትእዛዙ ሲሟላ ብቻ የሚያስተላልፍ ክፍል ያስፈልጋል። ይኸው ክፍል በእጅ ሲሠራም ያገለግላል፤ የተሟላው ትእዛዝ በፕሮግራም ሁኔታ (ፕሮግራም በሚጻፍበት) ወደ ማኅደር፣ በራን ሁኔታ (በሚሠራበት) በቀጥታ ወደ አስፈጻሚው ይሂድ። የቁጥር አሃዞች ግን አይጣመሩም፤ 1.05 በፕሮግራም ውስጥ አራት መስመር ይወስዳል።

ማኅደሩ ሲጸዳ ባዶ አይሆንም፤ ሁሉም መስመር ጎቱ 00፣ ማለትም 13 00 ይሆናል። በዚህ ምክንያት አጭር ፕሮግራም መጨረሻው ላይ መቆሚያ ባይጻፍለትም ይቆማል። አዲስ ትእዛዝ ሲጻፍም ከጠቋሚው (መሣሪያው ያለበትን መስመር ከሚይዘው ቁጥር) ቀጥሎ ያለውን መስመር ይተካዋል፤ መሣሪያው መስመር መሐል ማስገባት አይችልም። «ማስገቢያ ብጨምርለት አይሻልም?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ለራስዎ መገልገያ ከሆነ ይችላሉ፤ ሲሙሌተር ብለው ለሌላ ሰው ከሰጡት ግን እንደ መሣሪያው ይሁን።

እርምጃ 9፦ አስፈጻሚው

አሠራሩ አጭር ነው፦ ጠቋሚው ያለበትን መስመር ያንብቡ፣ ጠቋሚውን በአንድ ያሳድጉ፣ ትእዛዙን ይፈጽሙ። ከ49 ካለፈ ወደ 00 ይመለስና ይቁም። ጎቱ 00 ደግሞ ራሱ መቆሚያ ነው።

ስምንት የማወዳደሪያ ትእዛዞች አሉ፤ አራቱ ኤክስን ከዋይ፣ አራቱ ኤክስን ከዜሮ ያወዳድራሉ። ሕጉ «እውነት ከሆነ ቀጣዩን አድርግ፣ ሐሰት ከሆነ ቀጣዩን ዝለል» የሚል ነው። ይህን የገለበጠ ሰው ፕሮግራሞቹ በአንድ ዙር ሲያልቁ ወይም ጨርሶ ሳያልቁ ያያል።

አስፈጻሚውን በማያቋርጥ ድግግሞሽ ውስጥ አይክተቱት። መስኮቱ በቲኪንተር (በፓይተን የመስኮት መሥሪያ ክፍል) የሚሠራ ከሆነ «አፍተር» በተባለው የጊዜ ቀጠሮ ጥቂት መስመሮችን አስፈጽመው ቁጥጥሩን ለመስኮቱ ይመልሱ። ይህ ካልሆነ፣ የማያልቅ ፕሮግራም ሲገባ መስኮቱ ይደርቃል፤ ራን-ስቶፕን ተጭኖ ማስቆምም አይቻልም። ቀጠሮው ፍጥነትን ለመቆጣጠርም ይረዳል። እውነተኛው መሣሪያ በሰከንድ የሚፈጽመው ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነው፤ ፖዝ የተባለው ትእዛዝም ኤክስን ለአንድ ሰከንድ ያህል ያሳያል። ተጠቃሚው የቀድሞውን ፍጥነት ወይም የኮምፒውተሩን እንዲመርጥ ሁለቱንም ይስጡት።

እርምጃ 10፦ መስኮቱ

አሁን ፎቶግራፉን ማውጣት ይችላሉ። የተሻለው ግን ቁልፎቹን ራስዎ መሣል ነው፤ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ከቁልፎቹ በላይ ወርቃማውንና ሰማያዊውን ጽሑፍ በግልጽ ይጻፉ፣ የኮምፒውተሩን የፊደል ሰሌዳም ያገናኙ፤ ኢንተር በኢንተር፣ ስሌቶቹ በምልክታቸው። ፕሮግራሙንና ሬጂስተሮቹን በፋይል የማስቀመጥ አማራጭ መጨመርም ከመሣሪያው ታሪክ አይወጣም፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችፒ-25ሲ ኃይሉ ሲጠፋም ፕሮግራሙን ይይዝ ነበር።

እርምጃ 11፦ ሙሉ ሙከራ

የሚከተለው የፋክቶሪያል (ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉ ሙሉ ቁጥሮች ብዜት) ፕሮግራም የሠሩትን ክፍል ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ይፈትናል። በግራ የመስመሩ ቁጥር፣ በመሐል ኮዱ፣ በቀኝ ትርጉሙ ነው።

01 — 23 01 — ስቶር 1
02 — 01 — አሃዝ 1
03 — 23 02 — ስቶር 2
04 — 24 01 — ሪኮል 1
05 — 23 61 02 — በሬጂስተር 2 ውስጥ ማባዛት
06 — 01 — አሃዝ 1
07 — 23 41 01 — ከሬጂስተር 1 መቀነስ
08 — 24 01 — ሪኮል 1
09 — 15 61 — ኤክስ ከዜሮ ይለያል?
10 — 13 04 — ጎቱ 04
11 — 24 02 — ሪኮል 2
12 — 13 00 — ጎቱ 00

ወደ ራን ሁኔታ ይመለሱ፣ ጎቱ 00 ይጫኑ፣ 5 አስገብተው ራን-ስቶፕን ይጫኑ፤ 120.00 ማግኘት አለብዎት። ቀጥሎ 69 ያስገቡ፤ ማሳያው ከቋሚ ነጥብ ወደ ሳይንሳዊ ተዛውሮ 1.7112245 ከአርቢ 98 ጋር ያሳያል። በመጨረሻ 70 ያስገቡ። የ70 ፋክቶሪያል ከ10 ላይ 100 ስለሚያልፍ ሬጂስተር 2 ይሞላና «ኦኤፍ» ይመጣል።

ሌላው ጥሩ ፍተሻ በዲግሪ ሁኔታ 9ን አስገብቶ ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት፣ ከዚያ በተቃራኒው ቅደም ተከተል የታንጀንት፣ የኮሳይንና የሳይን ግልባጮችን ማስላት ነው። በትክክለኛ ሒሳብ 9 ይመለሳል፤ በአሥር አሃዝ ግን በየእርምጃው የሚጠፋው ትንሽ ነገር ተጠራቅሞ ውጤቱን ከ9 ያርቀዋል። እውነተኛው መሣሪያ ሳይንን የሚያሰላው በመደመርና አሃዞችን በማዘዋወር ስለሆነ፣ የእርስዎ መጨረሻ አሃዞች ከእርሱ ሊለዩ ይችላሉ። የተለዩት በዚህ ሙከራ ላይ ብቻ ከሆነ ስህተት አልሠሩም፤ እስከ መጨረሻው አሃዝ መስማማት የሚፈልጉ ከሆነ መንገዱ በመግቢያው የጠቀስኩት የመጀመሪያው ነው።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

«ጎቱ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ያልፋል።» ጠቋሚው ያደገው ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ነው። አስቀድመው ያሳድጉት፣ ጎቱ ከዚያ በላዩ ይጻፍበት።

«ላስት-ኤክስ የተሳሳተ ቁጥር ይመልሳል።» የሚቀመጠው ከስሌቱ በፊት በኤክስ የነበረው እንጂ ውጤቱ አይደለም። ስሌቱ በኤረር ከተቋረጠ ደግሞ ላስት-ኤክስም ሳይለወጥ እንዲቆይ፣ ግብዓቱን ከመረመሩ በኋላ ብቻ ያስቀምጡት።

«ኤፍን ተጭኜ ሐሳቤን ስቀይር ቀጣዩ ቁልፍ ይዛባል።» የጭነት ሰብሳቢው ክፍል ያልተሟላ ትእዛዝ የሚሰርዝበት መንገድ የለውም። ተጠቃሚው ኤፍን ተጭኖ ወዲያው ጂን ቢጫን የኋለኛው እንዲተካው ያድርጉ፤ ስቶርን ተከትሎ የማይገባ ቁልፍ ቢመጣም የተሰበሰበው ይጣልና አዲሱ ቁልፍ ከመጀመሪያው ይነበብ።

«በእጅ ስሠራ ትክክል ነው፣ በፕሮግራም ግን ሌላ መልስ ይመጣል።» ለሁለቱ ሁኔታዎች ሁለት የተለያዩ የስሌት ተግባራት ተጽፈዋል፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ቀርቷል። ሁለቱም በእርምጃ 8 በተባለው አንድ አስፈጻሚ በኩል እንዲያልፉ አድርገው ሁለተኛውን ይሰርዙት፤ ከዚያ የእርምጃ 3ን እና የእርምጃ 4ን ፍተሻዎች በእጅም በፕሮግራምም ይድገሟቸው።